የአባትን ድምፅ ለማትረፍ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ሆነ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ አልጽፍም። ሰሞኑን ከጅግጅጋ፣ ከቀብሪበያህና ከቶጎ ውጫሌ ደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ ከጤና ጣቢያ በር የራቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ዓምድ ቦታ አለው። ጥያቄው ይኸውላችሁ፦ «ኤዶ፣ በቤታችን ያሉትን የድሮ ካሴቶች በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ወደ ኤምፒስሪ ብንገለብጣቸው በሕግ ያስጠይቀናል ወይ?»

«ኤዶ» በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ በእኛ ሰፈር ዕድሜ ለጠገበች ሴት ሁሉ ይሰጣል። በነርስነት የኖረ ሰው ደግሞ ከመርፌ ጀምሮ እስከ ፍርድ ቤት መጥሪያ ያልተጠየቀው ነገር የለም። እኔም የሕግ ባለሙያ ባልሆንም አዋጁን አንብቤ፣ የሚያውቁትንም ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

በቅድሚያ ጥያቄው በእኛ አካባቢ ለምን እንደበዛ ልንገራችሁ። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙው ሰው ደብዳቤ ማለት ድምፅ ነበር። ጅዳ ወይም ኤደን ሥራ የሄደ ሰው ቴፕ ፊት ተቀምጦ ለእናቱ፣ ለሚስቱ፣ ለከብቶቹ ጠባቂ ሳይቀር መልእክቱን ይቀዳል፤ ካሴቱን በመንገደኛ እጅ ይልካል። ግጥምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 ጋሪዬና ሃድራዊን ጨምሮ ብዙ ገጣሚያን የተሳተፉበት «ዴሌይ» የተባለው የግጥም ክርክር ከከተማ ወደ ከተማ የተዘዋወረው በካሴት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ያለው የሐርትሼክ መጠለያ በዚያን ጊዜ በዓለም ከነበሩት ግዙፍ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የሬዲዮ ሐርጌሳ ቅጂዎች ከፊሎቹ መሬት ውስጥ ተቀብረው፣ ከፊሎቹም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው ከጥፋት ተርፈዋል። ዛሬ የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10 ሺሕ በላይ ካሴቶችን ሰብስቦ ይዟል። በእኛ ቤቶች ሣጥን ውስጥ የቀሩትን ግን የሚሰበስባቸው ማንም የለም። የካሴት ክር ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም፤ ሙቀት፣ አቧራና እርጥበት ይበላዋል። እንደ ሽንሌና ኤረር ባሉት ሞቃት ከተሞች ደግሞ ዕድሜው የበለጠ ያጥራል።

አንዲት ጎረቤቴ በሐርትሼክ በኩል የመጡ አዛውንት ናቸው። ሟች ባለቤታቸው ከጅዳ የላኩላቸው አሥራ አንድ ካሴቶች አሏቸው። በአንደኛው ላይ ባልየው፣ «ወንድ ከተወለደ የአባቴን ስም አውጡለት» ብለው ገና ላልተወለደው ልጃቸው ስም ያወጣሉ። የልጅ ልጃቸው ኮሌጅ ኮምፒውተር የተማረ ጎበዝ ልጅ ነው። ካሴቶቹን ልገልብጥ ብሎ ተነሣና አንድ የቆየ የትምህርት ጽሑፍ ላይ «ኤምፒስሪ ፓተንት ያለበት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ፕሮግራም መጠቀም ክልክል ነው» የሚል አንብቦ እጁን ሰበሰበ። ገበያ ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ ደግሞ ለእያንዳንዱ ካሴት ከሥራው ዋጋ ሌላ «የላይሰንስ» የሚል ሒሳብ ጠየቃቸው። ሴትየዋ የጡረታም ሆነ የደመወዝ ገቢ የላቸውም። «ገንዘብ እስኪገኝ ይቆይ» ብለው ተዉት። ወራት አለፉ። ልጁ ስም የወጣበትን ካሴት ለመስማት ቴፑ ውስጥ ሲከቱት ክሩ ተጣብቆ ነበርና ተበጠሰ።

አንድ የድሮ ቴፕ ጠጋኝ ክሩን ቀጥሎላቸዋል፤ ጥቂት ቃላት ግን ጠፉ። እንግዲህ ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ካሴት ለሌለው ሰው ነው። ለእኚህ እናት ግን «ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ በቆየ ቁጥር የባላቸው ድምፅ እየሞተ ነበር።

መልሱን ለማግኘት ሦስት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ የማን ነው? ድምፁን የማሳነሻ ዘዴው የማን ነው? በካሴቱ ላይ ያለው ድምፅስ የማን ነው? ሰዎች የሚደናገሩት ሦስቱን በአንድ ከረጢት ስለሚከቷቸው ነው።

ከዘዴው እንጀምር፤ ፓተንት የሚባለው ነገር ያለው እዚያ ላይ ነውና። ኤምፒስሪ ድምፅን አሳንሶ የማስቀመጫ ዘዴ ነው። በጀርመን ኤርላንገን ከተማ በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም፣ ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው ከሌሎች ጋር ሆነው ያበጁት ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። ሐሳቡ ከጆሮ ጠባይ የመጣ ነው። ገበያ መሐል ሲኖትራክ ሲያልፍ አጠገባችሁ ያለው ሰው ቢያንሾካሹክ አትሰሙትም፤ ትልቁ ድምፅ ትንሹን ይሸፍነዋል። ኤምፒስሪ ጆሮ የማይሰማውን ይጥላል፣ የሚሰማውን ያስቀራል። የአንድ ሰዓት ካሴት ሳይታመቅ 600 ሜጋባይት ያህል ቢይዝ በኤምፒስሪ ግን ወደ 60 ሜጋባይት ይወርዳል።

ፍራውንሆፈርና ቶምሰን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዚህ ዘዴ ላይ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎች አገሮች ፓተንት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 ፍራውንሆፈር ነፃ ፕሮግራም ለሚሠሩ ሰዎች «የፈቃድ ክፍያ ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ላከ። ብዙዎች ሥራቸውን አቆሙ። በዚያው ዓመት ማይክ ቼንግ የተባለ ሰው የጀመረው «ሌም» የሚባል ፕሮግራም ግን በሕይወት ቆየ። ሠሪዎቹ መላ አበጁ፤ ያለቀለትን ፕሮግራም ሳይሆን የፕሮግራሙን ጽሑፍ ብቻ ለጥናት ብለው አሠራጩ። ይህ የወጡን አሠራር በወረቀት ጽፎ እንደ መስጠት ነው፤ ወጡን የሚሠራው ተቀባዩ ነው። ካሴት ለመገልበጥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነፃው «ኦዳሲቲ» እንኳ ለረጅም ዓመታት ሌምን በውስጡ አይዝም ነበር፤ ተጠቃሚው ለብቻው ፈልጎ መጨመር ነበረበት። ስለዚህ የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ያነበበው ጽሑፍ አልዋሸም። ጊዜው ነው ያለፈበት።

ፓተንት ሁለት ወሰን አለው፤ የአገርና የጊዜ። እኔ ይህን የተረዳሁት ከኮምፒውተር ሳይሆን ከመድኃኒት ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት መጀመሪያ ሲወጣ ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺሕ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ሦስቱን መድኃኒቶች በዓመት በ350 ዶላር ለእርዳታ ድርጅት አቀርባለሁ አለ። ሌብነት አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሕንድ ሕግ ፓተንት የሚሰጠው ለመድኃኒቱ አሠራር እንጂ ለመድኃኒቱ ስላልነበረ፣ በአሜሪካ የተከለከለው በሕንድ ሕጋዊ ነበር። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ በቃሬዛ የመጡ ሰዎች በእግራቸው ሲሄዱ ያየን የጤና ባለሙያዎች የአንድ አገር ፓተንት የዓለም ሁሉ ሕግ እንዳልሆነ በዓይናችን አይተናል።

የጊዜውም ወሰን እንደዚሁ ነው። ፓተንት ለፈጠረ ሰው የሚሰጥ የጊዜ ገደብ ያለው መብት ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ ዘዴው የሁሉም ይሆናል። የኤምፒስሪ ፓተንቶች በአውሮፓ ቀደም ብለው አለቁ፤ በአሜሪካ ደግሞ ባለቤቶቹ የፈቃድ ክፍያ መሰብሰቡን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2017 አቆሙ። ኦዳሲቲም ከ2019 ጀምሮ ሌምን በውስጡ ይዞ ይመጣል። ዛሬ በኤምፒስሪ ለመገልበጥ የፓተንት ክፍያ የሚጠይቅ ባለመብት የለም።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? የፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት ለ15 ዓመት እንደሚጸናና ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት እንደሚጨመርለት ይደነግጋል። ቢበዛ 20 ዓመት ማለት ነው። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሞ ለዓለም የተገለጠ ዘዴ ከዚያ በኋላ አዲስ ነው ሊባል አይችልም። ደግሞም አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች መሐል ቆጥሮታል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ሰውን በቀዶ ሕክምናም ሆነ በሌላ መንገድ የማከሚያ ዘዴም አለ፤ ቁስል የማሸግበት መንገድ የማንም ንብረት እንዳይሆን ሕጉ ጠብቆልኛል ማለት ነው። በመጨረሻም ሕጉ ለንግድ ባልሆነ ተግባር ላይ የፓተንት ባለቤቱ መብት እንደማይዘረጋ ይናገራል። በቤቷ የባሏን ድምፅ የምትገለብጥ እናት ነጋዴ አይደለችም።

ሁለተኛው ጥያቄ ፕሮግራሙ የማን ነው የሚለው ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ መጽሐፍና እንደ ዘፈን የደራሲው ሥራ ሆኖ ይጠበቃል። ሌምና ኦዳሲቲም ባለቤቶች አሏቸው። ባለቤቶቹ ግን ማንም ሰው ለፈለገው ሥራ እንዲጠቀምባቸው፣ እንዲያባዛቸውና ለጎረቤቱ እንዲሰጣቸው በጽሑፍ ፈቅደዋል። «ነፃ» ማለት ባለቤት የሌለው ወይም የተሰረቀ ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ፈቅዶ የሰጠው ማለት ነው። የሚገርመው በየከተማችን ያሉ ብዙ ሱቆች ነፃውን ፕሮግራም ፈርተው፣ ብዙ ዶላር የሚያወጣውን ፕሮግራም ክራክ አድርገው መጠቀማቸው ነው። የሚያስጠይቀው ሁለተኛው ነው። ጎረቤቴን «የላይሰንስ» ብሎ ያስከፈለም ሱቅ ካለ ክፍያው ምክንያት የለውም። ጊዜውን፣ መብራቱንና ጉልበቱን ግን ያስከፍላችሁ፤ የላቡ ዋጋ ነውና ክፈሉት።

ይህን ስል ሁሉም የድምፅ ቅርጽ እንደ ኤምፒስሪ ነው ማለቴ አይደለም። ኤኤሲ ከሚባለው ቤተሰብ አዳዲሶቹ ላይ ፓተንታቸው ገና ያላለቁ አሉ። በሌላ በኩል ከመነሻቸው ክፍያ እንዳይኖርባቸው ተብለው የተሠሩ አሉ። ያ የ1998 ደብዳቤ ከወጣ በኋላ «ኦግ ቮርቢስ» የተባለው ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሉ ሆኖ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ኦፐስ» ደግሞ በዋትስአፕ በየቀኑ የምትልኩት የድምፅ መልእክት የሚጓዝበት ነው። ካሴት ራሱ የተስፋፋው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ፊሊፕስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ ክፍያ እንዲሠሩት ተስማማ። ባይስማማ ኖሮ የጅዳው ሠራተኛ ድምፁን የሚልክበት ርካሽ ካሴት ባላገኘ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። በእኔ አስተያየት ዛሬ ልንጨነቅበት የሚገባን እሱ ነው። ድምፁ የማን ነው? ፕሮግራሙ ነፃ ሆነ ማለት ዘፈኑ ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። ስለታማው ቢላ የእናንተ ቢሆንም በጉ የጎረቤት ሊሆን ይችላል። በአዋጁ መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ የድምፃዊውና የአሳታሚውም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለራሳችሁ ብቻ ብላችሁ የታተመ ካሴታችሁን አንድ ቅጂ ብታወጡ ሕጉ አይከለክላችሁም። ያንኑ ዘፈን በፍላሽና በሜሞሪ እያባዙ መሸጥ ግን የድምፃዊውን እንጀራ መውሰድ ነው። ይህ በኤምፒስሪም ተሠራ በሌላ፣ በነፃ ፕሮግራም ተሠራ በተገዛ፣ ያው ነው።

የቤተሰብ ካሴትስ? እሱም ባለቤት አለው፤ የተናገረው ሰው፣ ከሞተም ወራሾቹ። እዚህ ላይ የነርስነት ጠባዬ ይመጣብኛል። በካሴት ደብዳቤ ውስጥ ስም ማውጣት ብቻ የለም፤ ዕዳ አለ፣ ኩርፊያ አለ፣ የታመመ ሰው ስም አለ። የሕመምተኛ ካርድ ገበያ ላይ እንደማይነበብ ሁሉ የአያት ደብዳቤም ቲክቶክ ላይ አይለቀቅም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይስማ፣ የሚካፈለውንና የማይካፈለውን ይወስን። ወጣቶች ሆይ፣ አዬዮን ሳታስፈቅዱ የአዬዮን ካሴት ለማንም አትላኩ። የታወቀ ገጣሚ ድምፅ ያለበት ካሴት ካላችሁ ደግሞ ወራሾቹን ፈልጉ፤ አንድ ቅጂ ለእነሱ ስጡ።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። የሚሠራ ቴፕ፣ ሁለት ጫፍ ያለው ኬብልና አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ካሴቱን ከመክፈታችሁ በፊት ክሩ የላላ ከሆነ በእርሳስ አዙራችሁ አጥብቁት። የቴፑን ጭንቅላት በአልኮልና በጥጥ አጽዱ፤ ይህን ከመርፌ ክፍል የማውቀው ነው። ሙሉውን ከነትንፋሹና ከነሳሉ ቅዱ። መጀመሪያ ሳይታመቅ አስቀምጡት፣ ከዚያ ለስልክና ለመላላክ የሚሆን የኤምፒስሪ ቅጂ አውጡ። ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ፤ አንዱ ጅግጅጋ ከሆነ ሌላው ድሬዳዋ ይሁን። ካሴቱንም አትጣሉት።

ከሁሉ በላይ ግን፣ አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ይህ የሚናገረው ማን ነው? የት ሆኖ ነው? መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉ። ድምፁን ፕሮግራም ያወጣዋል፤ የባለ ድምፁን ስም የሚያውቁት ግን እነሱ ብቻ ናቸው። የጎረቤቴ አሥር ካሴቶች ባለፈው ወር ተገልብጠው አልቀዋል። አሥራ አንደኛውም ከነተበጠሰው ተገልብጧል፤ የጠፉትን ቃላት ሴትየዋ ከልባቸው አውጥተው ነግረውን የልጅ ልጃቸው በወረቀት ጽፎ ከቅጂው ጋር አስቀምጧቸዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ተለመደው የጤና ጨዋታችን ተመልሰን የስኳር ሕመምተኞች በክረምት እግራቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ እናወራለን። እስከዚያው ሣጥናችሁን ፈትሹ። ደህና ሰንብቱ!